ጥፍሯን ያጠቆረው ጫማ ሰፊ ነበር

ልጅቷ 14 ዓመቷ ነው። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ይኖራሉ፤ ለባሌት ትምህርት አያት ሰፈር ድረስ በታክሲ ትመጣለች። ወደ እኔ ያመጣት የቀኝ እግሯ አውራ ጣት ነው። ጥፍሩ ጠቁሯል። ጫን ሲሉት ከወንበሩ ትነሳለች። የፖይንት ጫማ (የባሌት ዳንሰኞች በጣት ጫፍ ለመቆም የሚያደርጉት ጠንካራ ጫማ) ማድረግ ከጀመረች ገና ጥቂት ሳምንት ቢሆናት ነው፤ ቀድሞ ትማርበት የነበረው ቦታ ደግሞ "ጠቧት ነው፣ አንድ ቁጥር ጨምሩላት" ብለው ሸኝተዋቸዋል። እናትየውም የመጡት ይህንኑ እንዳጸድቅላቸው ነበር። አክስቷ ዋሽንግተን ናት፤ ትልቁን ጫማ ለማዘዝ የቀራት የእኔን "አዎ" መስማት ብቻ ነው።

አዎ አላልኩም። ጉዳዩን እዚህ በዝርዝር የምጽፈው (እናትየው ስም ሳልጠራ እንድጽፈው ፈቅደውልኛል) ተመሳሳይ ነገር ደጋግሞ ስለሚገጥመኝ ነው። ጣት ሲያም ሁሉም ሰው "ጠቧት ነው" ይላል። በተራ ጫማ ልክ ሊሆን ይችላል። በፖይንት ጫማ ግን የአውራ ጣት ጥፍር ብቻውን ከጠቆረ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ስፋትን ነው።

መጀመሪያ ጫማው እንዴት እንደተገዛ ጠየቅኳቸው፤ ግማሹ መልስ እዚያው ነበር። የልጅቷን እግር በደብተር ወረቀት ላይ አቁመው በእስክሪብቶ ዙሪያውን አሰመሩ። ወረቀቱን ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ለአክስት ላኩ፣ ቁመቱንና ስፋቱንም በማስመሪያ ለክተው ጻፉላት። አክስት በኢንተርኔት አዘዘች። ቁመቱ ላይ አንድ ቁጥር ጨመረች፣ "ታድጋለች" ተብሎ። ስፋቱም ሰፊ ስለመሰላት ከሰፊው መደብ መረጠች። ከዚያ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ተፈልጎ፣ በሻንጣ ተልኮ፣ ቤቱ ሁሉ ተደስቶ፣ ልጅቷም አደረገችው።

በዚህ ውስጥ የክፋት ስንጥር የለም። ሁላችንም ያደግነው አንድ ቁጥር በሚተልቅ የትምህርት ቤት ጫማ ነው፤ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቀን መስከረምን የጀመርን ብዙ ነን። ችግሩ ይህ ዘዴ ፖይንት ጫማ ላይ ሲመጣ ነው።

ምክንያቱን ለማስረዳት ከትልልቆቹ ተማሪዎች የአንዷን ያለቀለት ጫማ ወስጄ እናትየው ፊት በቢላ ሰነጠቅኩት። ከውጭ ሲታይ ሳቲን የለበሰ ለስላሳ ነገር ነው። ውስጡ ሌላ ነው። ጣቶች የሚገቡበት ጠንካራው ክፍል ቦክስ ይባላል፤ ጨርቅ፣ ጆንያ መሰል ሸካራ ሸራና ወረቀት በሙጫ ተደራርበው የደረቁበት ነው፣ በጥንቱ አሠራር ሙጫው ራሱ ከዱቄት የሚሠራ ነው። እናትየው አገላብጠው አዩትና "ዱቄትና ወረቀት ነው እንዴ ለዚህ ሁሉ ዶላር?" አሉ። ምን ይባላል! የቦክሱ ጫፍ ጠፍጣፋ ነው፣ ልጆቹ የሚቆሙት እሱ ላይ ነው፤ ሁለት የአንድ ብር ሳንቲሞች ጎን ለጎን ቢደረጉ ይሸፍኑታል። ከውስጥ እግር ስር የሚደግፈው ጠንካራ ወለል ሻንክ ነው። ከጣቶች በላይ ያለው የፊት ሽፋን ቫምፕ፣ ከቦክሱ ግራና ቀኝ ወደ ኋላ የሚዘልቁት ደግሞ ዊንግ ይባላሉ። ግራና ቀኝ እግር የሚባል ነገር በአብዛኛው የለም፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ሆነው ነው የሚሠሩት።

አሁን ዋናው ነገር። ከሩቅ የሚያይ ሰው ልጅቷ በጣቶቿ ጫፍ ላይ የቆመች ይመስለዋል። ሙሉ ክብደቷ እዚያ ቢያርፍ ማንም አይችለውም። ጫማው ልክ ሲሆን ቦክሱና ዊንጉ እግሩን ከግራና ከቀኝ፣ የጣቶቹ መነሻ አጥንቶች ባሉበት ሰፊው ቦታ ላይ ጨምቀው ይይዙታል። ሻንኩ ከስር ይደግፋል። የገዛ ጡንቻዋ ደግሞ ወደ ላይ ይስባታል። ለጣቶቹ የሚቀረው የተረፈው ነው። የጠርሙስ ውታፍ አስቡ፦ ልክ የሆነው አንገቱ ላይ በጎኑ ተይዞ ይቀራል፣ የቀጠነው ግን ተንሸራቶ ወደ ውስጥ ይገባል። የልጅቷ እግርም በየዕለቱ እንዲሁ ወደ ቦክሱ ጫፍ እየወረደ ነበር፤ ሲወርድ መጀመሪያ የሚያርፈው ረጅሙ ጣት ነው፣ የእሷ ረጅሙ ጣት አውራ ጣቷ ነው፣ ጥፍሩም የሙሉ ሰውነቷን ክብደት ብቻውን ሲቀበል ከረመ።

ይህን ያልኩት እግሯን ሳላይ አይደለም። እግር ማየት የምጀምረው ያለ ጫማ ነው፤ ጫማ ከመዋሸቱ በፊት እግር ራሱ ይናገራል። አውራ ጣት ጥፍር ስር የረጋ ደም አለ። የሁለተኛው ጣት አንጓ ላይ ውሃ ቋጥሮ የፈነዳ ቁስል። ከኋላ የተረከዝ ጅማቷ ላይ ቀይ ሰንበር። የእግሯ ጎን ግን፣ ማለትም የአውራ ጣትና የትንሿ ጣት መነሻዎች፣ ንጹሕ ናቸው፤ መቅላትም መደደርም የለም። ጫማው ጠቧት ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚላጠው እዚያ ነበር። ከጎን የሚይዛት ነገር እንደሌለ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈለግኩም፣ ቢሆንም ቀጠልኩ።

ጫማውን አደረገች። እግሯን መሬት ላይ እንዳሳረፈች ከጎን በዊንጉና በእግሯ መካከል ጣቴን ሰደድኩ፤ ያለ ችግር ገባ። መግባት አልነበረበትም። ከዚያ ባሩን፣ ማለትም የልምምድ መደገፊያውን፣ ይዛ ቀስ ብላ ፖይንት ላይ እንድትወጣ አደረግኩ። ስትወጣ ቫምፑ ከእግሯ ተለይቶ አፉን ከፈተ። ተረከዙ ላይ ያለው ሳቲን ደግሞ ሙሉ ጭብጥ ሞላ። ፖይንት ላይ ሲወጣ እግር ስለሚያጥር ተረከዝ ላይ በሁለት ጣት ቆንጠር የሚደረግ ትንሽ ትርፍ ጨርቅ መኖሩ ደንብ ነው፤ ይህ ግን መቆንጠጥ ሳይሆን መጨበጥ ነው። ሻንኩም ከውስጥ እግሯ መሐል ወጥቶ ወደ ጎን ዞሯል። ሻንክ ሲዞር ብዙ ጊዜ ስፋቱ እንዳልገጠመ ይናገራል።

ሰንበሩስ? ጫማው እየወለቀባት ስለተቸገረች በጫማው አፍ ዙሪያ ያለችውን ማጥበቂያ ክር እስከ መጨረሻው ስባ አስራዋለች። ክሩ የተረከዝ ጅማቷን ሲቆርጣት ከረመ። ውስጡን ደግሞ በጥጥ ጠቅጥቃዋለች፣ በላዩ የፍራሽ ስፖንጅ ቆርጣ ጨምራለች። ስታወጣው አፈረች፤ እኔ ግን ብልሃቷን አደነቅኩ። ሆኖም ስፖንጅ ሲጫኑት ይተኛል፤ ሲተኛ እግር እንደገና ይወርዳል፣ ጣቶቿም ወለሉን መስማት ያቆማሉ። ወለሉን የማትሰማ ጀማሪ ደግሞ ቁርጭምጭሚቷን ለማጠፍ ቅርብ ናት።

እንግዲህ ቀድሞ በተነገራቸው መሠረት አንድ ቁጥር ቢጨመርላት ከድጡ ወደ ማጡ ነበር።

ይህ ለእናትየው አልተዋጠላቸውም። እውነታቸውን ነው፤ ጣት የሚያማት ልጅ ይዘው መጥተው "ጫማዋ ይጥበብ" የሚል ሰው ሲገጥማቸው ምን ይበሉ?

"ቲቸር፣ አሁን ይሄ ላይ እንዴት ይጠበባል? እግሯን አየሽው እኮ።"

"አየሁት እትዬ። ጣቷ ላይ እንዲጠብ አይደለም። ጎኗን እንዲይዛት ነው።"

"አያቷ ወጌሻ ጋ እንውሰዳት እያሉ ነው። አጥንቷ ቦታውን ስቷል ብለው።"

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ጥፍር ስር የረጋ ደም በመታሸት አይድንም፣ ይብስበታል እንጂ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄደው ስብራት ወይም መግል እንደሌለ እንዲያረጋግጡ ለመንኳቸው፤ ሄዱ፣ አጥንቷ ደህና ነው ተባለ። አያቷም ቅቤ ቀብተው እግሯን ከጥፍሩ ራቅ አድርገው ማታ ማታ አሹላት። ይህኛውን እኔም አልተቃወምኩም።

ከዚያ ፖይንት አስቆምኳት። በለስላሳው ጫማ ትሠራለች፣ ፖይንት ግን የለም። አለቀሰች። የጠቆረ ጥፍር ሙሉ በሙሉ እስኪተካ ከዓመት ሊያልፍ ይችላል፤ ያን ያህል መጠበቅ የለባትም፣ ሕመሙና እብጠቱ ይለፍ እንጂ። በዚያ መሐል ከጫማ በፊት መጠየቅ የነበረበትን ነገር ጠየቅኩ፦ ለመሆኑ ልጅቷ ለፖይንት ደርሳለች?

ብዙ መምህራን 12 ዓመት አካባቢን ዝቅተኛው ዕድሜ ያደርጉታል፣ ዕድሜ ግን ብቻውን ምንም አይደለም። የእግር አጥንት በዚያ ዕድሜ ገና እየጠነከረ ነው። እኔ የማየው አቅሟን ነው። እግሯን ዘርግታ ስትቀመጥና ጫፉን ስትስብ፣ ከቅልጥሟ እስከ እግሯ ጀርባ እርሳስ ሲጋደም ሳይንጋደድ መተኛት አለበት፤ ካልተኛ ፖይንት ላይ ስትወጣ ወደ ኋላ ትቀራለች፣ ጣቶቿም ይታጠፋሉ። እሷ ላይ ተኛ። በአንድ እግር ቆማ ጉልበቷን ሳታጥፍ ተረከዟን 20 ጊዜ ያህል ማንሳት ነበረባት፤ በግራው ጨረሰች፣ በቀኙ መሐል ላይ ተንቀጠቀጠች። ቀኙ ያመማትም ለዚህ ጭምር ነው። ደካማ እግር ራሱን ወደ ላይ ስለማይስብ ቦክሱ ላይ ይንተራሳል፣ እንኳን በሰፊ ጫማ በልኩም ቢሆን ይወርዳል። ስለዚህ የእረፍቱ ጊዜ ተረከዝ በማንሳትና ጣቶችን ሳያጥፉ መሬት ላይ በመጫን አለፈ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። እቤቷ ደረጃ ላይ፣ የኮንዶሚኒየሙን የደረጃ ብረት ይዛ ትሠራው ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ ምን ሆነች እስኪል ድረስ።

አሁን ልኬት። የፖይንት ጫማ ባለሙያ ሻጭ ባለበት አገር ልጅቷ ራሷ ሱቅ ገብታ፣ ብዙ ጫማ ሞክራ፣ አንድ ሰዓት ያህል ፈጅታ ትገዛለች። አያት ላይ ያ የለም። ያለን ወረቀት፣ የልብስ ሰፊ ሜትርና ስልክ ነው። እነዚህም በደንብ ከተያዙ ብዙ ይሠራሉ።

የመጀመሪያው ወረቀት ምን ችግር ነበረበት? እስክሪብቶው ተጋድሞ ነው የተሰመረው። ወደ ውጭ ሲጋደም መስመሩን ከእግሩ ጠርዝ በየጎኑ ጥቂት ሚሊሜትር ያርቀዋል፤ ሁለቱ ሲደመሩ ቀጭን እግር ሰፊ ይሆናል። እኛ እስክሪብቶውን ቀጥ አድርገን ደገምነው፤ ከሰዓት በኋላ፣ ቆማ ከዋለች ወዲህ፣ እግር ትንሽ ስለሚያብጥ። ቁመቱ 23.3 ሴንቲ ሜትር ወጣ። የአውራ ጣትና የትንሿ ጣት መነሻዎችን አካቶ ዙሪያውን በሜትር ስንለካ ቆማ 22.4 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚያ አስቀመጥኳት፣ እግሯን በእጄ ከግራና ቀኝ ጨመቅኩትና እንደገና ለካሁ። ወደ 20.6 ወረደ።

ወረቀቱ ያልተናገረው ይህንን ነበር። አንዳንድ እግር ሲጨመቅ ከነስፋቱ ይቀራል። አንዳንዱ ደግሞ ይሰበሰባል፤ አጥንቶቹ እርስ በርስ ይቀራረቡና ሌላ እግር ይሆናል። የእሷ የሚሰበሰበው ዓይነት ነው። በነጠላ ጫማና በሰንደል ያደገ እግር ቆሞ ሲታይ ተዘርግቶ ሰፊ ይመስላል፤ ቦክስ ውስጥ ሲገባ ግን ይጠባል። ለእንዲህ ያለ እግር ጫማ የሚመረጠው በተጨመቀው ልክ ነው። አክስት ያየችው የተዘረጋውን ብቻ ነው፣ ያውም በተጋደመ እስክሪብቶ የተሰመረውን።

የጣቶቿንም ቅርጽ ልብ በሉ። አውራ ጣቷ ረጅም ነው፣ ከዚያ እስከ ትንሿ እየወረደ ይሄዳል። ለእሷ የሚስማማው ወደ ጫፉ ጠበብ እያለ የሚሄድ ቦክስ ነው። የተላከላት ግን ከላይ እስከ ታች እኩል የሆነ፣ አራት ማዕዘን መሳይ ነበር፤ እንዲህ ያለው የሚሆነው ጣቶቻቸው እኩል ለሆኑ ልጆች ነው። ሁለተኛዋ ጣት የምትረዝምባቸውም አሉ፣ እነሱ የራሳቸው ጣጣ አላቸው፤ ለሌላ ቀን።

ቁጥሩን ለአክስት በቀጥታ አላክንላትም። የፖይንት ጫማ ቁጥር ከመንገድ ጫማ ቁጥር ጋር አይገጥምም፤ ልጅቷ ሱቅ ሄዳ 37 ነው የምታደርገው፣ ያ ግን እዚህ ምንም አይረዳም። ከአንዱ አምራች ወደ ሌላውም አይሻገርም። የለንደኑ ፍሪድ ከ1929 ጀምሮ፣ የሲድኒው ብሎክ ከ1932፣ የሞስኮው ግሪሽኮ ከ1988፣ የኒውዮርኩ ጌይነር ሚንደን ደግሞ ከ1993 ጀምሮ አሉ፤ ሁሉም በየራሳቸው ቅርጽ ነው የሚሠሩት። ስፋትን በኤክስ የሚገልጹም አሉ፤ ኤክሱ ሲበዛ ስፋቱ ይጨምራል። የአንዱ ሁለት ኤክስ የሌላው ሁለት ኤክስ አይደለም። ወረቀት ይዞ በስሌት ማዘዝ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው የሚሆነው።

መፍትሔያችን አንድ ያረጀ ቦርሳ ነበር። ባለፉት ዓመታት ተማሪዎች የተዉት፣ ከውጭ የመጡ ሰዎች የሰጡን፣ ከየአምራቹ አንድ ሁለት ጫማ ያጠራቀምኩበት ቦርሳ አለኝ። ሌላ ሰው ያደረገውን ፖይንት ጫማ ለመደነስ አልሰጥም፤ በሰውየው እግር ተቀርጿል፣ ሻንኩም በሰውየው እግር ታጥፏል። ለመለካት ግን ወርቅ ነው። ባሩን ይዛ፣ ጥቂት ሰከንድ ብቻ፣ አንድ በአንድ ሞከርን።

አንዱ ቦክስ ጠቦ ትንሿን ጣት ከላይ አስቀመጣት፤ ወዲያው ወለቀ። አንዱ ቫምፑ አጭር ሆነና የጣቶቿ አንጓ ከላይ ታየ፤ በዚያ ላይ ከወጣች ወደ ፊት ትደፋለች። አንዱ ሻንኩ ደርቆባት ጫፉ ላይ መድረስ አልቻለችም። በመጨረሻ ጠበብ የሚል ቦክስ ያለው፣ ቫምፑ ረዘም ያለ፣ ሻንኩ መካከለኛ የሆነ አንድ ያረጀ ጫማ ስታደርግ ፊቷ ተለወጠ። መሬት ላይ ስትቆም ጣቶቿ ጫፉን ይነካሉ፣ ግን ተዘርግተው ነው፣ አልታጠፉም። ጉልበቷን በትንሹ ስታጥፍ፣ ያኔ ነው እግር በጣም የሚረዝመው፣ ነካው ግን አልጨነቃትም። ስትወጣ ጣቴን በዊንጉ ስር ልሰድ ሞከርኩ፣ እምቢ አለ።

"ጣትሽስ?" አልኳት።

"ቲቸር፣ ጎኔን ነው የያዘኝ።"

የጫማውን የውስጥ ማኅተም ፎቶ አነሳን፦ አምራች፣ ሞዴል፣ ቁጥር፣ ስፋት፣ የሻንክ ጥንካሬ። ከድሮው ጫማ ጋር ስናስተያየው በቁመት አንድ ቁጥር፣ በስፋት ሁለት ደረጃ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

የቀረው አክስትን ማሳመን ነበር። ይህኛው ከልጅቷም ከእናትየውም ከበደ። እዚህ ማታ 2 ሰዓት ሲሆን እዚያ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው፤ ከሥራ እረፍት ወጥታ በቪዲዮ ደወለች። "እግሯ ጠቁሮ እያለ የሚያንስ ጫማ ልግዛ?" ብላ ተቆጣች። ልክ ናት፣ ለሰሚው ግራ ነው። ልጅቷ ሁለቱንም ጫማ በየተራ አድርጋ ካሜራው ፊት ወጣች። በድሮው ተረከዙ ሲንሸራተትና ቫምፑ ሲከፈት፣ በቦርሳው ጫማ ደግሞ ጸጥ ብሎ ሲቀመጥ አየች። ከዚያ በኋላ አልተከራከረችም። በኢንተርኔት አልገዛችም፤ ዳንስ ዕቃ ሱቅ ሄዳ የማኅተሙን ፎቶ አሳየች።

ስለ ገንዘቡ ሳላነሳ አላልፍም። አንድ ጥንድ እዚያ 100 ዶላር ገደማ ነው፣ እንደ አምራቹ ከፍም ዝቅም ይላል። የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያን ወደ ብር ስትመነዝሩት የአንዳንዱን ቤት የወር ኪራይ ይበላል። ስለዚህ "ለማንኛውም ትልቅ ይሁን፣ ይቆይላታል" የሚለው ሐሳብ ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። ግን ትልቁ ጫማም አይቆይም። ልኩ ያልሆነ ቦክስ በተሳሳተ ቦታ እየተጫነ ቶሎ ይለሰልሳል። የልጅቷ የመጀመሪያ ጫማ ሻንክ ተጣሞ ስለነበር ምንም ሊሠራለት አልተቻለም።

አዲሱ ጫማ በሰው እጅ መጣ። ሳይሰፋ፣ ሳይታጠፍ፣ ንጹሕ ምንጣፍ ላይ ለካነው፤ ያልቆሸሸ ጫማ ካልሆነ መመለስ አይቻልምና ይህን ሁሉም ቢያስታውስ ጥሩ ነው። ቀኙ አልጋ በአልጋ ሆነ። ግራው ግን ተረከዙ ላይ ትንሽ አረገበ፤ ሁለት እግር አንድ ዓይነት የሆነ ሰው ብዙም አይገኝም። ለዚያ ላስቲክ አቋርጠን ሰፋንለት፣ ማጥበቂያ ክሩን ለመያዝ ያህል ብቻ ሳብነው። በአውራ ጣትና በሁለተኛው ጣት መካከል ስስ የሲሊኮን መለያ አስገባን፣ ከላይ ስስ የጣት መሸፈኛ። ከዚያ በላይ አላስጨመርኳትም። ጥጡም ስፖንጁም ተጣለ።

ሪባኑን መስፋት የልጅቷ ሥራ ነው። ሰፈራቸው ያለው ልብስ ሰፊ በመኪና ላድርግልሽ ብሏት ነበር፤ አይሆንም አልኩ፣ መኪናው የማጥበቂያውን ክር አብሮ ይሰፋዋል። የተረከዙን ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፎ ማጠፊያው ላይ ምልክት ማድረግ፣ ሪባኑን እዚያ በእጅ መስፋት፣ ሳቲኑን ሳይበሱ በውስጠኛው ሸራ ብቻ። ክሩ የጥርስ ማጽጃ ክር ነበር፣ ቶሎ አይበጠስም። ቋጠሮው በውስጠኛው ቁርጭምጭሚት አጥንትና በጅማቱ መካከል ባለው ጎድጓዳ ይደበቃል፤ ጅማቱ ላይ ከዋለ ያ ቀይ ሰንበር ተመልሶ ይመጣል።

ቀለሙን በተመለከተ፣ ሮዝ ሳቲን በጠይም እግር ላይ እግሩን ቁርጭምጭሚት ላይ ይቆርጠዋል። ፍሪድ በ2018 ባሌት ብላክ ከሚባለው የእንግሊዝ ቡድን ጋር ሆኖ ቡናማ ጫማ አውጥቷል፣ ሌሎችም አላቸው፤ ለእኛ ግን በሚፈለገው ስፋት ቡናማውን ማግኘት ጊዜ ይወስዳል። ልጅቷ በእናቷ ፋውንዴሽን በስፖንጅ ቀባችው። እናትየው ፋውንዴሽኑ ሲያልቅ እኔን ነው የወቀሱኝ።

ወለሉንም አንድ ቃል። የምንሠራበት አዳራሽ ሴራሚክ ነው፤ በላዩ ኮምፔንሳቶ፣ በኮምፔንሳቶው ላይ ደግሞ የላስቲክ ምንጣፍ አንጥፈናል። በባዶ ሴራሚክ ላይ ልኩ የሆነ ጫማም አያድንም። እቤት ሳሎን ውስጥ ጫማውን አድርጋ እንዳትወጣ ለእናትየው አደራ ብያለሁ፤ ለዘመድ ለማሳየት እንኳን ቢሆን።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ቦክሱ በሙጫ የተሠራ ስለሆነ እርጥበት ጠላቱ ነው። የእግር ላብ ብቻውን ይበቃዋል፣ የአራብሳ ጭቃና ዝናብ ሲጨመርበት አስቡት። ልጅቷ ጫማውን በፌስታል ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ታሳድረው ነበር። አስተውኳት። አሁን መሸፈኛዎቹን አውጥታ፣ ሪባኑን ፈትታ፣ አየር በሚያገኝ የጨርቅ ከረጢት በር አጠገብ ትሰቅለዋለች። ምድጃ ዳር ወይም ፀሐይ ላይ ማድረቅም የለም። ቦክሱ ሲለሰልስ ጫፉን ውስጡን በሱፐር ግሉ የሚያደርቁ ዳንሰኞች አሉ፣ ይሠራልም፤ ለጀማሪ ግን አልመክርም፣ የለሰለሰ ጫማ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው።

ጥፍሩ አሁን ከስሩ ነጭ ሆኖ እየወጣ ነው፣ ጥቁሩ ወደ ጫፍ እየተገፋ። ፖይንት የምትሠራው ከትምህርቱ መጨረሻ ጥቂት ደቂቃ፣ ባር ይዛ ነው። ስትጨርስ እግሯን አያለሁ። ሁለቱ ጎኖች ላይ ቀላል መቅላት አለ፤ ደስ የሚለኝ መቅላት ነው፣ ጫማው መያዝ ያለበትን ቦታ ይዟል። ትንሿ ጣት ላይ አንድ ጊዜ ውሃ ቋጠረች፣ በፕላስተር አለፈ። ቀኝ እግሯ አሁንም ከግራው ይደክማል፣ ተረከዝ ማንሳቱ አላበቃም።

በየሁለት ወሩ ገደማ እንለካለን፣ በሁለቱም መንገድ፣ ቆማም ተጨምቃም። ባለፈው አክስት ደውላ ሰው እየመጣ ስለሆነ ሁለት ጥንድ ልላክ፣ አንዱን ከፍ ባለ ቁጥር፣ አለች። አንድ ብቻ፣ በዚያው ቁጥር አልኳት። እናትየው ከጎኔ ሆነው "ታድጋለች እኮ ቲቸር" አሉ። ያኔ እንለካታለን፣ አልኳቸው፤ ሳቁ፣ አልተስማሙም፣ ግን አክስትን "እሷ እንዳለችው አድርጊ" አሏት።